በር ተዘግቶ የሚነሳ ፎቶ

ሰኞ

…ከዚያ አባባ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ደንበኛዋ ትከተለዋለች፤ እኔም እከተላለሁ፤ ቁመቴ ገና ከሱቁ ባንኮኒ አይበልጥም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ይዘረጋዋል። ውስጥ ጥቁር የመሰለው ጨርቅ በር ላይ ሰማያዊ ይሆናል። "ጨርቅ ውስጥ ሆኖ ይዋሻል፤ በር ላይ ሲወጣ ነው የሚያምነው" ይላታል አባባ። ሴትየዋ ምን አለች? ገዛች? አላስታውስም። የማስታውሰው የአባባን ክንድ ነው፤ ግማሹ ጨለማ ውስጥ፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ፤ እና…

እትዬ ሙኒራ ገቡ። ትዝታዬ እዚህ ላይ ተቋረጠ።

እትዬ ሙኒራ የአባባ የቆዩ ደንበኛ ናቸው። ቤታቸው እዚሁ መርካቶ፣ ከሰባተኛ ሰፈር ጀርባ ነው። ልጃቸው ሃያት ልትዳር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሴቶቹ የሂና ዝግጅት አለ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ለብሰው፣ ተኳኩለው ስለሚጨፍሩ ወንድ አይገባም። ስልክ ሁሉ መግቢያው ላይ ሳፋ ውስጥ ይሰበሰባል። ፎቶ የምታነሳላቸው ሴት ቀጥረው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደውላ ሌላ ሥራ ይዣለሁ አለቻቸው።

ካሜራ እንዳለኝ ሰምተዋል። አለኝ አልኳቸው። ትችያለሽ ወይ አሉኝ። እችላለሁ አልኩ።

እችላለሁ። ቃሉ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ካሜራውን ከገዛሁ ጀምሮ ያነሳሁት ሁሉ በአውቶ ነው። ካሜራው ያስባል፣ እኔ እጫናለሁ።

አባባ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ሁሉንም ሰምቷል። እትዬ ሙኒራ እንደወጡ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። ከሱቃችን በላይ ቆጥ አለ፤ ጣቃ ጨርቅና አቧራ ብቻ ያለበት። ሴቶች ያለ ሐሳብ ገብተው የሚነሱበት፣ አንሺዋም ሴት የሆነችበት ትንሽ ፎቶ ቤት ላድርገው ብዬ ስለምነው ከርሜያለሁ። ፊት ለፊታችን ብርድ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍሉት ሐጂ ከማል ደግሞ ለመጋዘን ይፈልጉታል። አባባ ለሁለታችንም "እያሰብኩበት ነው" ሲለን ቆይቷል።

ዛሬ ግን ቁርጡን ተናገረ። "የሙኒራ ቤት ሴቶች ደስ ካላቸው ቆጡ ያንቺ ነው። ካልሆነ ለሐጂ ነው። የሚመጣው ሰኞ መልስ እሰጣቸዋለሁ ብያለሁ።"

ጨርቅ ሲሸጥ እንደሚያደርገው ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

ማክሰኞ

ጋሽ ሰለሞን ሰባተኛ ጋ የጉርድ ፎቶ ቤት አላቸው። የእኔንም የመጀመሪያ ጉርድ ፎቶ ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ "አገጭ ቀና፣ ጆሮ ይታይ" ሲሉኝ ያለቀስኩበት። በጠዋት ሄጄ ያለ አውቶ ማንሳት ያስተምሩኝ አልኳቸው።

"እስከ መቼ?" አሉ።

"እስከ ቅዳሜ።"

"የዘንድሮ ቅዳሜ ነው?"

ከዚያ ከመሳቢያቸው የቁስል ፕላስተር አውጥተው ካሜራዬ ላይ አውቶ የሚለው ምልክት ላይ ለጠፉበት። ይህ ቁስልሽ ነው፣ አትንኪው አሉኝ።

ትምህርቱ አጭር ነው። አፐርቸር ቀዳዳ ነው፤ ብርሃኑ የሚገባበት። ሻተር ጊዜ ነው፤ ቀዳዳው ለምን ያህል ጊዜ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ። ቀዳዳውን ካሰፋሽ ጊዜውን አሳጥሪ፣ ጊዜውን ካረዘምሽ ቀዳዳውን አጥብቢ። ሁለቱም አልበቃ ካሉ አይ ኤስ ኦ የሚባለውን የብርሃን ማጉያ ከፍ አድርጊ፤ እሱ ግን በርበሬ ነው፣ ሲበዛ ፎቶው ላይ ደቃቅ አሸዋ የተነፋ ይመስላል። የቀረው ወሬ ነው አሉኝ።

ገባኝ አልኩ። አልገባኝም። ቁጥሩ ነው ያመሳቀለኝ። አንድ ነጥብ ስምንት ትልቁ ቀዳዳ ነው፤ አስራ ስድስት ትንሹ። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ያንሳል። ይህን ያወጣው ሰው ምን ነክቶት ነው? ሦስቴ ጠየቅኳቸው፤ በሦስተኛው ጋሽ ሰለሞን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከሰዓት ሱቅ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። ክር ፈልጎ ነበር፤ ይሄ ወፍራም ነው፣ ከፍ ያለ ቁጥር ስጪኝ አለኝ። እጄን ወደ መደርደሪያው ዘረጋሁና እዚያው ላይ ቆምኩ። ክር! የክር ቁጥር ሲያድግ ክሩ ይቀጥናል። ይህን ከፊደል በፊት ነው የተማርኩት። አንድ ነጥብ ስምንት ወፍራም ክር ነው፣ አስራ ስድስት ቀጭን። በቃ።

ልብስ ሰፊው ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። ሳይከራከር ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ፤ ሴት ብቻዋን ስትስቅ ሰው አይከራከርም መሰለኝ።

ረቡዕ

ዛሬ ሻተር።

መንገዱ ላይ ወጣሁ፤ ማለት ደጃፋችን ላይ። መርካቶ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ለመፈለግ ሩቅ አይኬድም። ሻተሩን የሰከንድ ሠላሳኛ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የመጣው ፍራሽ ነው፤ ከሥሩ ሁለት እግር ያለው። አነሳሁት። ፍራሹም እግሩም እንደ ጭስ ተሳለ። ተሸካሚውን ወንድሜ እባክህ አንድ ጊዜ ተመልሰህ እለፍ አልኩት።

"እህቴ፣ እኔ ከፎቶ ይልቅ ለፍራሹ ነው የምሄድ" አለና አለፈ። ከፍራሹ ሥር የወጣ ድምፅ ብቻ። ፊቱን አላየሁትም።

አምስት መቶኛ ላይ አደረግኩት። ቀጥሎ የመጣው በጋሪ ባልዲ የሚገፋ ነው። ተነሳ። ቆሟል! ጎማው ቆሟል፣ ከላይኛው ባልዲ ላይ ሊወድቅ የነበረው ክዳን አየር ላይ ቆሟል፣ የባለጋሪው አፍ "ዞር በሉ" ላይ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አየሁት። ይህ ሰፈር እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ቆሞልኝ አያውቅም።

የዛሬው ድል ይኼ ነው። ስጋቱ ደግሞ ቀጥሎ መጣ።

ወደ ሱቁ ገብቼ አባባን ጨርቅ ሲቀድ በዚያው ፍጥነት አነሳሁት። ጨለማ። አይ ኤስ ኦውን ከፍ አደረግኩ። በራ፤ ግን በፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ተጋድመዋል። ቀሚስ የተመተረ ይመስል ከግድግዳ እስከ አባባ ግንባር። ካሜራው ተበላሸ አልኩ። ወደ ጋሽ ሰለሞን ሮጥኩ።

አልተበላሸም። መብራቱ ነው። እነዚህ አዳዲስ አምፖሎች ሳናውቃቸው ይርገበገባሉ አሉኝ። ዓይናችን አያየውም፤ ፈጣን ሻተር ግን በርግብግቡ መሃል ገብቶ ይይዘዋል። እኛ ጋ መብራት ሲሆን መቶኛ ላይ አድርጊ፣ ካልበቃሽ አምሳኛ ላይ ውረጂ፣ ከዚያ በላይ አትቅበጪ።

መቶኛ። ሱቅ ውስጥ ሞከርኩት፤ መስመሩ ጠፋ። የአባባ ግንባር ዳነ። እጁ ግን ትንሽ ደበዘዘ። ጨርቅ ሲቀድ እጁ ከመቶኛ ይፈጥናል።

ሐሙስ

የእትዬ ሙኒራን ቤት ለማየት ሄድኩ። ጋሽ ሰለሞን ናቸው የላኩኝ፤ ሳታይው የምትገቢበት ክፍል የሰው ቤት ነው ብለውኝ።

ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ወንበሩ ተነስቶ ፍራሽ ተነጥፏል። ትልቅ ባለ ሁለት ተካፋች በር ወደ ግቢው ይከፈታል። በበሩ የሚገባው ብርሃን! ሃያትን ከበሩ ጎን አስቀምጬ ሞከርኩ፤ የዓይኗ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀዳዳው ሁለት ነጥብ ስምንት፣ ጊዜው ሁለት መቶ አምሳኛ፤ አሸዋ የሌለበት፣ መስመር የሌለበት። ይህ በር ብቻውን ይበቃኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሃያት እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። ትምህርት ቤት አብረን ነበርን፤ ያኔ ከሁላችንም ጮክ ብላ የምትስቀው እሷ ነበረች፤ ዛሬ ግን በሹክሹክታ ነው የምታወራው። እናቴን አንሺልኝ አለችኝ። ሁሌ ሰው ስታስተናግድ ፎቶ ውስጥ አትገኝም፣ ብትገኝም ጀርባዋ ነው። አንድ ላይ ሆነን፣ ሁለታችንም በደንብ የምንታይበት አንድ ብቻ። እሺ አልኳት።

ሱቅ ስመለስ አንድ ነገር ድንገት መጣብኝ። እነዚህን ፎቶዎች ለማን ነው የማሳየው? ሻሽ የሌላቸው ሴቶች ናቸው። ጋሽ ሰለሞን ሊያዩአቸው አይችሉም፤ ስህተቴን የሚያርምልኝ የለም። አባባም ሊያያቸው አይችልም። የሚፈርደው ደግሞ አባባ ነው።

ነገርኩት። ሜትሩን እየጠቀለለ አሰበበት።

"ታዲያ እኔ በምን ልፈርድ ነው?"

ሴቶቹን አይተህ አልኩት።

"ጥሩ" አለ። "የደንበኛ ፊት ሳነብ ነው የኖርኩት። በአፏ ውድ ነው እያለች በዓይኗ ከገዛችው አውቃለሁ። በአፏ ቆንጆ ነው እያለች በዓይኗ በሩን ካየችም አውቃለሁ።"

ይህ ያጽናናል ወይስ ያስፈራል? ሁለቱንም ጽፌዋለሁ።

ዓርብ

ለጁምዓ ሶላት ሱቁ ተዘጋ። አንዋር መስጊድ ሞልቶ ስጋጃው መንገዱን እየያዘ እስከ እኛ ማዕዘን ይደርሳል። አባባ ከጁምዓ በቀር ሱቁን በቀን ዘግቶ አያውቅም። ታሞ አልዘጋም። ያገባኝ ዕለት እንኳ እስከ እኩለ ቀን ሲሸጥ ነበር ትል ነበር እናቴ፣ በሕይወት ሳለች። በየዓመቱ ታነሳበት ነበር። እሱም በየዓመቱ፣ ያን ቀን የሸጥኩት ጨርቅ አይደል የዳረሽ ይላት ነበር።

መንገዱ ጸጥ ሲል ቆጡ ላይ ወጣሁ። ትንሽ መስኮት አለው፤ በእጄ ስጠርገው እጄ ጠቆረ፣ ብርሃን ግን ገባ። ወንበሩ እዚህ። መጋረጃው እዚያ። መስታወት፣ ሻሻቸውን ለሚያስተካክሉት። ጫማ ማውለቂያ ከመሰላሉ አናት። ሁሉንም አየሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ካሜራውን መነካካት ተለማመድኩ፤ አውራ ጣቴ አፐርቸሩን፣ ሌባ ጣቴ ሻተሩን። እንደ መቁጠሪያ፤ ሳያዩት እንደሚቆጥሩት።

ከሶላት በኋላ ሐጂ ከማል ሜትር ይዘው መጡ። ቆጡን ሊለኩ። አባባ ለመለካት አይከለከልም አላቸው። መሰላሉን ቀስ እያሉ ወጡና እዚያ አገኙኝ።

"ልጄ፣ እዚህ ሰው ከሚቀመጥ ብርድ ልብስ ቢቀመጥ ይሞቀዋል" አሉኝ እየሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። የሜትሩን ጫፍ ያዥልኝ አሉኝ። ያዝኩላቸው። ወንበሬን ያሰብኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ጫፉን ያዝኩላቸው።

ቅዳሜ

ተመልሻለሁ። እጄ ሂና ሂና ይሸታል። ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አለበለዚያ መጨረሻውን ብቻ ነው የማስበው።

ስልኬን ሳፋው ውስጥ ጣልኩ፤ ካሜራ ይዤ የገባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሴቶቹ ገብተው አለቁ። እትዬ ሙኒራ ትልቁን በር ግጥም አድርገው ዘጉት፣ መጋረጃውንም ሳቡት።

ወንድ አይገባም ብዬ እዚሁ ራሴ ጽፌያለሁ። በሩ ይዘጋል ብዬ ግን አላሰብኩም። ግቢው ውስጥ የወንዶቹ ድንኳን እየተተከለ ነው፤ ምን ብለው ክፍት ይተዉታል? የሐሙስ ብርሃኔ መጋረጃው ሥር እንደ ክር ቀጥኖ ቀረ። ጣሪያው ላይ አምፖል፣ ግድግዳው ላይ ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም። በሐሙሱ ቁጥር አነሳሁ፤ ጥቁር። ዓይን ብቻ። ጥርስ ብቻ።

ሃያት ለብሳ ወጣች። ቀሚሷ ጥልቅ አረንጓዴ፣ ጫፉ በወርቅ ክር የተሠራ። ካሜራው ላይ ጥቁር ነው። እና እንዲህ ሆነ፤ እንዴት እንደሆነ ለአባባ ብቻ ነው የሚገባው። ጥቁር የመሰለ አረንጓዴ ጨርቅ አየሁ። እጄ የጨርቁን ጫፍ ያዘ፣ እግሬ ወደ በሩ ሄደ፣ ሃያት ጨርቁ ውስጥ ስለነበረች አብራ መጣች። መጋረጃውን ገለጥኩና በሩን ከፈትኩት።

ቀለሙ እንዴት ያምር ነበር።

ከዚያ ጩኸቱ። ግቢው ውስጥ ወንበር የተሸከሙ ወንዶች ነበሩ፤ ደግነቱ ጀርባቸውን ሰጥተው። ክፍሉ ውስጥ የቀረ ሻሽ የለም፤ ያልደረሳት የጠረጴዛ ልብስ ስባ ገባችበት። ድቤው ቆመ። እትዬ ሙኒራ በእኔ ላይ ዘለው በሩን ዘጉት።

"ኑሪያ፣ አንቺ ልጅ፣ ሱቅ ያለሽ መሰለሽ?"

ድቤ መቺዋ እትዬ ፋጡማ ናቸው የመለሱልኝ፤ ወፍራም፣ ድምፃቸው እንደ ድቤያቸው። "ተያት ሙኒራ፣ ልማዷ ነው። ሙሽራዋን በሜትር ልትሸጥልሽ ኖሯል" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ያለችውም ሳቀች። እትዬ ሙኒራ ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ በሩን ደግመሽ ብትነኪ ካሜራው ሳፋው ውስጥ ነው የሚገባው አሉኝ።

ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በር የለም። እሺ። ያለው ይኼ አምፖል ነው። ወፍራሙን ክር አምጪ፤ አንድ ነጥብ ስምንት። አምፖል ነው፤ መቶኛ። በርበሬውን ጨምሪ፣ አሸዋው ይምጣ። አውራ ጣቴ ራሱ ሄደ።

ዓይኔን ስገልጥ ሃያት ፍራሹ ላይ ተቀምጣ መዳፏ ላይ ሂና እየተሳለላት ነበር። አነሳሁ። ፎቶው ላይ አለች። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው። ጨርቅ ውስጥ ሆኖም እውነቱን ይናገር ኖሯል፣ የሚጠይቀው ካወቀ።

ከዚያ በኋላ አልፈራሁም። አንዷን ከሌላዋ ለየሁ፤ የጨፈረችውን፣ የቆመችውን፣ ጫማዋን ያጣችውን። ከፊት ያለችው ጥርት፣ ከኋላዋ ያሉት ልስልስ።

ሃያት የለመነችኝ ግን በዚህ ቁጥር አይሆንም። በሰፊ ቀዳዳ እሷ ከጠራች ከኋላዋ ያሉት እናቷ ይደበዝዛሉ። ሁለቱም እንዲጠሩ ቀዳዳውን ማጥበብ አለብኝ፤ ቀዳዳው ሲጠብ ጊዜው ይረዝማል፤ ጊዜው ሲረዝም የሚጨፍር ሁሉ ይተናል። ሁሉንም ማግኘት የለም። የሚተነውን መምረጥ ነው። ፎቶ ማንሳት ይኼ ብቻ ይሆን?

መጨረሻ ላይ ሆነ። እትዬ ሙኒራ ሳህን ይዘው ሲያልፉ ሃያት ሂናው ባልደረቀ እጇ ቀሚሳቸውን እንዳትነካ በክንዷ ያዘቻቸው። ቆሙ። ከሰዓቱን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሙ። ዙሪያቸውን ሁሉም ይጨፍራል። ቀዳዳው አራት፣ ጊዜው ሃያ አምስተኛ። ክርኔን ከጎድኔ ጋር አጣበቅኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ተጫንኩ።

እሁድ

ፎቶዎቹን ሳይ ዋልኩ። ላፕቶፑን ወደ ግድግዳ አዙሬ።

ጥሩዎቹ፦ ሂናው። እትዬ ፋጡማ ድቤያቸውን አቅፈው ሲያስነጥሱ። የጠረጴዛ ልብስ ለብሳ የምትስቀው።

የጠፉት፦ ብዙ። እጅ ብቻ፣ ጣሪያ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ክርን።

የማላውቀው፦ የእናትና የልጅ። ሁለቱ ጥርት ብለው ቆመዋል፤ እትዬ ሙኒራ ሳህኑን ረስተውታል፣ ልጃቸውን እያዩ ነው፣ ፊታቸው ላይ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነገር አለ። ዙሪያቸው ያሉት ሴቶች ግን ቀለም ብቻ ናቸው። ፊት የላቸውም። የሃያት አክስቶች ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ፤ አንዳቸውም አይለዩም። ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ለእነሱስ? የሰርግ ፎቶ ሰው ራሱን የሚፈልግበት ነው። ራሷን ያጣች አክስት ተበላሽቷል ነው የምትለው።

ጋሽ ሰለሞን ደወሉ። ወጣ ወይ አሉኝ። የደበዘዘውን በቃል ነገርኳቸው፤ የትኛው ቆመ፣ የትኛው ተነነ። ሆን ብለሽ ነው ወይስ አምልጦሽ? አሉ። ሆን ብዬ አልኩ። "እንግዲያው አንቺ ነሽ ያነሳሽው" አሉ። "እኔ ላየው ሴት ሆኜ አልተፈጠርኩ። በይ ፕላስተሩን አንሺው።"

ፕላስተሩን አላነሳሁትም። ለምዶብኛል።

ያን ፎቶ ልተወው ወይስ ልስጠው? ከሚሰጡት መሃል ሦስቴ አወጣሁት፤ ሦስቴ መለስኩት። አሁን ከሚሰጡት ውስጥ ነው።

ሰኞ

እትዬ ሙኒራ በጠዋት ብቻቸውን መጡ። አባባ ነገሩ ገብቶት ወደ ሱቁ ጥግ ሄዶ ጀርባውን ሰጠንና ያልተዛነፈ ጣቃ ማስተካከል ጀመረ። ባንኮኒው ሥር ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው። አንድ በአንድ። እትዬ ፋጡማ ጋ ሲደርሱ በአፍንጫቸው ትንሽ ሳቁ። እናትና ልጁ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ቦርሳቸውን አንስተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ።

አባባ ዞረ። ምን አለች አለኝ። ምንም አልኩት። ፊታቸውን አየህ? አልኩት። በነጠላ ሸፍናዋለች አለ።

እና ቀኑ ቀጠለ። የሰኞ ገበያ። ከክፍለ ሀገር የመጡ ነጋዴዎች፣ ሸክም፣ ግፊያ፣ "ይቀንሱ እንጂ" "ይኸው ቀነስን"። ቁራጭ ሳልሳሳት ቆረጥኩ። ሐጂ ከማል ለመልሳቸው መጡ፤ ሻይ አዘዙ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ቀና ቀና እያሉ ጣሪያውን ያያሉ። አባባ ደንበኛ እያስተናገደ ነበርና አንድ ጊዜ ሐጂ፣ አንድ ጊዜ ይላቸዋል። እኔ መሰላሉን ላለማየት በሩን አያለሁ።

ስለዚህ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። እትዬ ሙኒራ ግፊያውን እየሰነጠቁ መጡ። ብቻቸውን አይደሉም። ከኋላቸው እትዬ ፋጡማ፣ ከእሳቸው ኋላ አክስቶቹ፣ ፊት የሌላቸው አክስቶች፣ ሁሉም፤ ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር የነበረችውም። ሱቁን ሞሉት። ደንበኞቹ ወደ መደርደሪያው ተጣበቁ። ተቆጥተው ነው ወይስ? ሁሉም አንድ ላይ ያወራሉ፤ አንዷን ለብቻ መስማት አልተቻለም።

"ያን አሳዪያቸው" አሉኝ እትዬ ሙኒራ። "ሄጄ እንዲህ መነሳቴን ብነግራቸው አላመኑኝም።"

ሱቁ ውስጥ ወንዶች ሞልተዋል። ላፕቶፑ ላይ እጄን እንዳደረግኩ ቀረሁ።

አባባ አየኝ። ሴቶቹን አየ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ፣ ፊት ፊታቸውን፣ ጊዜ ወስዶ። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠ። ሜትሩን ከአንገቱ አወጣ። ገዢዎቹን ከሰዓት ተመለሱ ብሎ አስወጣቸው፤ ግማሽ የተለካውን ጣቃ እንዳለ ተወው። የሐጂ ከማልን ክንድ ያዝ አደረገ።

"ሐጂ፣ ና ውጭ፣ ስለ ሌላ መጋዘን እንነጋገር" አለ።

ሐጂ ከማል የሻይ ብርጭቆአቸውን ይዘው ወጡ። ውስጥ የቀረነው ሴቶች ብቻ ነን። አባባ ደጃፉ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አየ፤ ግማሹ ፀሐይ ላይ። ከዚያ የብረቱን በር ከውጭ ዘጋው።